ማንም የማይሰማው እንጨት

በሰርግ ቤት ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ቦታው ከድራሙ አጠገብ፣ ከመብራቱ ወጣ ብሎ ነው። ሰው ዘፋኙን ያያል፤ ኪቦርድ የሚመታውን ያያል። ቤዙ ግን የሚታወቀው የቆመ ዕለት ነው። ጭፈራው በድንገት ይቀልላል፣ እግር ይሳሳታል፣ ምን እንደጎደለ ግን የሚነግራችሁ የለም። እኔ በጅግጅጋና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች፣ በቀብሪ በያህ፣ በደጋሃቡር፣ በቶጎ ውጫሌ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በዚያ ጥግ ቆሜያለሁ። እንጀራዬ ከዚያ አይደለም። ቀን ቢሮ እውላለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ አራት ክር ይዤ እቆማለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት የድሮው ጊታሬ አንገቱ ተጣመመ። ለማያውቀው ሰው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን የቤዝ ጊታር አራት ክሮች ተወጥረው ሲቃኙ አንገቱን በጠቅላላው ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ነው የሚስቡት። አንድ ትልቅ ሰው ሌት ተቀን ተንጠልጥሎበት እንደማለት ነው። አንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ ያንን ጉልበት ይመክታል፤ የእኔው ዘንግ ግን ዝጎ ተሰበረ። እንግዲህ ሌላ ርካሽ ጊታር ከመግዛት አንዴ በልኬ ላሠራ አልኩ። ዕድሜዬም አርባን አልፏል። በሕይወቴ አንድ ነገር እንኳ መርጬ፣ ከእንጨቱ ጀምሬ፣ የራሴ ላድርግ ብዬ።

እና መምረጥ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ምርጫ ነው። ስጀምር ጥያቄው «የትኛው እንጨት ጥሩ ድምፅ አለው?» የሚል መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

*

የእንጨቱ ነገር ራሱን የቻለ ሃይማኖት አለው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያውን ፕሪሲሽን ቤዝ ለገበያ ሲያቀርብ ገላውን ከአሽ፣ አንገቱን ከሜፕል ነበር የሠራው። ኋላ ለገላው አልደር የሚባል እንጨት ገባ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ ሮዝውድ ሆነ። እነዚህ ምርጫዎች በአብዛኛው የዋጋ፣ የአቅርቦትና የቀለም ጉዳይ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ምክንያቱን በድምፅ ማስረዳት ጀመረ። አሽ «ጥርት ያለ» ነው፣ አልደር «የተመጠነ»፣ ማሆጋኒ «ሞቅ ያለ»፣ ሮዝውድ ደግሞ «ክብ» ይባላል። እኔም ይህን ሁሉ ሌሊት እያነበብኩ አመንኩ። በተለይ ሮዝውዱ ልቤን ወሰደው። አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ «የማዳጋስካር ሮዝውድ ሰሌዳ አግኝቼ እልክልሃለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ።

ከዚያ የሮዝውድን ታሪክ አነበብኩ። የብራዚሉ ሮዝውድ እ.ኤ.አ. በ1992 ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን በሚገዛው ሳይትስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ በጠቅላላ ሊባል በሚችል መልኩ ተከለከለ። በጥር 2017 ደግሞ የቀሩት የሮዝውድ ወገኖች ሁሉ በቁጥጥር ሥር ገቡ። ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች እገዳ የላላላቸው በ2019 መጨረሻ ነው፤ የላላውም ሙዚቀኛ ድንበር ላይ ጊታሩን እየተቀማ ስለተቸገረ እንጂ ዛፉ ስለበዛ አይደለም።

«ታዲያ አንዲት ቀጭን ሰሌዳ ናት፤ ጫካ አይደለች» አልኩ ለራሴ። ይህን አስተሳሰብ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ማዳበሪያ ከሰል የሚገዛ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። ካራማራን አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ ግን ግራሩ ከዓመት ዓመት ከአስፋልቱ እየራቀ ሲሄድ በዓይኑ ያየዋል። እያንዳንዳችን የቆረጥነው አንድ ማዳበሪያ ብቻ ነው።

የአገራችን እንጨት እንኳ ቀላል ምርጫ አይደለም። ለጊታር ገላ ከሁሉ የሚስማማው ዋንዛ ነው። ቀላል፣ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ምስጥ የማይደፍረው ነው፤ ከበሮና ክራር ሲሠራበት የኖረውም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በስም ከተጠቀሱት አራት ዛፎች አንዱ ነበር። ገበያ ላይ «ዋንዛ አለ» የሚላችሁ ነጋዴ ከየት እንዳመጣው ብትጠይቁት ፊቱን ያዞራል።

*

በዚህ መሃል አንድ ሌላ ጥርጣሬ ገባኝ። ልዩነቱን እኔ ራሴ እሰማዋለሁ?

እ.ኤ.አ. በ2010 ክላውዲያ ፍሪትዝ የምትባል ፈረንሳዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ 21 የቫዮሊን ተጫዋቾችን አስገቡ። ክፍሉን አደብዝዘው፣ ለተጫዋቾቹ የበያጅ መነጽር የሚመስል አጥልቀውላቸው፣ ስድስት ቫዮሊኖች ሰጧቸው። ሦስቱ አዲስ ናቸው፤ ሁለቱ ስትራዲቫሪ፣ አንዱ ጓርኔሪ። ሚሊዮኖች ዶላር የሚያወጡ የሦስት መቶ ዓመት እንጨቶች ማለት ነው። በመጨረሻ «ወደ ቤትህ ውሰድ ብትባል የቱን ትወስዳለህ?» ተብለው ሲጠየቁ 13ቱ አዲሱን መረጡ። ከስድስቱ እጅግ የተጠላው ደግሞ ከስትራዲቫሪዎቹ አንዱ ነበር።

ያ ቫዮሊን ነው፤ ድምፁ ከእንጨቱ ሆድ የሚወጣ መሣሪያ። ከበንም እንዲሁ ነው። ሶማሌዎች ከበን የሚሉት ያ ዑድ፣ አብዱላሂ ቃርሼ ሐርጌሳ ላይ ያስተዋወቀውና ደቀ መዝሙሩ ሁደይዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ለንደን ላይ በኮቪድ እስኪሞት ድረስ ያልተለየው፣ ፊቱ ላይ ያለችው ስስ ጣውላ ከተቀየረች ሌላ መሣሪያ ይሆናል። ኤሌክትሪክ ቤዝ ግን ደረቅ ግንድ ነው። ከክሩ በታች ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። የብረት ክሩ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፤ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ፒክአፕ የምንለው ይኸው ነው። ፒክአፕ እንጨት አይሰማም፤ የሚያየው ብረት ብቻ ነው። እንጨቱ ክሩ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ ትንሽ ሊለውጥ ይችላል፤ ፈጽሞ የለም አልልም። ግን ያቺ ትንሽ ነገር በአምፕሊፋየር፣ በድራም፣ በአምስት መቶ ሰው እልልታ መሃል የት ትደርሳለች?

ልጅ ሆኜ ቤዝን ያስወደደኝ ጆቫኒ ሪኮ ነው፤ መጀመሪያ በአይቤክስ፣ ኋላ በሮሃ ባንድ። ያ ካሴት በታክሲ ድምፅ ማጉያ፣ በተሰነጠቀ ቴፕ ነበር የሚሰማው። ልቤ ሲመታ የነበረው በጣቱ አጣጣል ነው። ስለ ጊታሩ እንጨት አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ታዲያ ራሴን ጠየቅሁ። እኔ የማልሰማውን፣ ሰርገኛውም የማይሰማውን ነገር ፍለጋ ማዳጋስካር ድረስ እጄን የምዘረጋው ለምንድን ነው?

*

ጥያቄውን ይዤ የሄድኩት አንድ አናጺ ዘንድ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ትውልዳቸው ጉናጋዶ አካባቢ ነው፤ በር፣ መስኮትና አልጋ ሲሠሩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እኔ «አደር» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም መልሰው «አደር» ይሉኛል፤ በሶማሌ ደንብ አጎት የወንድሙን ልጅ ልጁ በሚጠራው ስም መልሶ ስለሚጠራው። የመጀመሪያ የሙዚቃ መሣሪያ የነኩት በ1980 ዓ.ም. ነው። የሐርጌሳ ሰው ከቦምብ ሸሽቶ ሃርቲሼክ ሲሰፍር አንድ ስደተኛ ጀርባው የተሰነጠቀ ከበን አምጥቶ «ጠግንልኝ» አላቸው። ጠገኑለት።

ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። እንጨቱ አይሰማም፤ ስለዚህ ማንኛውም እንጨት ይበቃል፤ ቺፑድም ቢሆን። የምናገረው እንደ ሊቅ ነበር።

እሳቸው መልስ አልሰጡኝም። እየሠሩት የነበረውን መሳቢያ ገልብጠው ሆዱን አሳዩኝ። ከሥር፣ ማንም በማያየው በኩል፣ እንደ ላዩ ተልጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሷል።

«ይህን ማን ያየዋል አደር?» አልኩ።

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ። ከዚያ ቀጠሉ፦ «አያቴ ለግመል ኮር ይጠርብ ነበር። የእንጨት ደወል። ሌሊት ግመሉ ከሩቅ ሲንቀሳቀስ እረኛው በድምፁ ያውቀዋል። ለእሱ እንጨቱ ይሰማል። ውስጡን ግን ሁልጊዜ አለስልሶ ነው የሚጨርሰው። ግመሉ ስለ ውስጡ ምን ያውቃል? እረኛውስ?»

እዚህ ላይ ግራ ተጋባሁ። ምክንያቱም ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ነገሮች ሁለቱም ትክክል መሰሉኝ። አንደኛው፦ ማንም ለማይሰማው ልዩነት ሲባል ዛፍ ማስቆረጥ ከንቱነት ነው። ሁለተኛው፦ ማንም ለማያየው ቦታ መጠንቀቅ ቅንነት ነው፤ ሥራን ሥራ የሚያደርገው እሱ ነው። ግን ሁለቱም «ማንም ለማያውቀው ነገር መጨነቅ» ናቸው። አንዱን ከንቱ፣ ሌላውን ቅን የሚያደርገው ምንድን ነው?

ሳምንት አሰብኩበት። ያገኘሁት መልስ ቀላል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? አደር የመሳቢያውን ሆድ ሲልጉ የሚፈሰው የራሳቸው ላብ ነው፤ የሚሄደው የራሳቸው ሰዓት ነው። እኔ ሮዝውድ ሲያምረኝ ግን የምከፍለው ብር ብቻ ነው፤ ቀሪው ዕዳ የሌላ ነው። ዛፉን ሊያይ የነበረ የሌላ አገር ልጅ ነው የሚከፍለው። በተረፈ ጥንቃቄና ቅንጦት ከውጭ ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ቴይለር የተባለው የአሜሪካ ጊታር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 ከአንድ የስፔን ኩባንያ ጋር ሆኖ ካሜሩን ውስጥ የዞጲ መሰንጠቂያ ገዛ። ከባለቤቶቹ አንዱ የነበረው ቦብ ቴይለር ጫካ ገብቶ ቆራጮቹን ሲያነጋግር፣ ጥቁር ብቻ የሆነ እንጨት ለማግኘት እስከ አሥር ዛፍ እንደሚጥሉና ዥንጉርጉር የሆኑትን እዚያው ትተዋቸው እንደሚመጡ ነገሩት። የሚገዛቸው ስለሌለ ነው። ዥንጉርጉሩ በድምፅም በጥንካሬም ምንም አያንስም። እኛ ጊታር ገዢዎች ጥቁር እንወድ ስለነበር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው ዥንጉርጉሩንም መጠቀም ጀመረ። እኔን የገረመኝ ውሳኔው አይደለም። ሰውየው ለአሥርተ ዓመታት ያንን እንጨት ሲገዛ ኖሮ ነገሩን ያወቀው ሄዶ ባየ ቀን መሆኑ ነው።

ይህን አንብቤ በሰውየው ላይ ትንሽ ፈረድኩ። ኋላ ፍርዱ ወደ እኔ ዞረ።

*

መፍትሔው ቤቴ ውስጥ ነበር። እናቴ መኝታ ክፍል አንድ የዋንዛ ቁም ሳጥን አለ። አባቴ በመምህርነት ጅግጅጋ ተመድቦ ሲመጣ፣ በ1974 ዓ.ም.፣ ከሐረር አሠርቶ በጭነት መኪና በባቢሌና በዳካታ ሸለቆ አሳልፎ ያመጣው ነው። እነዚያን አንዱ በአንዱ ላይ የተቀመጡ ድንጋዮች ሲያልፉ «ከመኪናው በላይ ለቁም ሳጥኑ ነበር የፈራሁት» ይል ነበር፤ ነፍሱን ይማርና። አባቴ ካረፈ አሥር ዓመት ሆኖታል። ቁም ሳጥኑ አንድ በሩ አይዘጋም፤ አንድ እግሩ ከሥር ጡብ ተደርጎለታል።

አስቡት። ዛፉ ከተቆረጠ አርባ ዓመት አልፎታል። አሁን የሚጎዳ ጫካ የለም። እንጨቱ በጅግጅጋ አየር አርባ ዓመት ደርቋል፤ ከአሁን በኋላ አይሰነጠቅም፣ አይጣመምም። ጣውላው ሁለት ሳንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ የቤዝ ገላ አራት ተኩል ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚፈልገው፤ ሁለቱን በኮላ አጣብቆ ማግኘት ይቻላል። ጣት ለሚያርፍበት ሰሌዳ አደር ዘንድ ከፈረሰ ቤት የተገኘ የወይራ ቁራጭ አለ፤ ወይራ ከሮዝውድ የሚያንስ ጥንካሬ የለውም። አንገቱን አዲስ አበባ ከተሰበረ ጊታር የወጣ ሜፕል ገዛሁ። በጠቅላላው አንድም ዛፍ አልወደቀም። ንጹሕ ነበርኩ።

እናቴን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ያ ቁም ሳጥን ይጠቅምሻል? አዲስ እገዛልሻለሁ» አልኳት።

«ምን ያደርግልኛል ልጄ፤ ውሰደው» አለች። ወዲያው። ቡና እየቀዳች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

በማግስቱ ስመጣ ባዶ አድርጋ ጠብቃኛለች።

*

ስለ ፒክአፑ ላውራ፤ ምክንያቱም ያ ደግሞ በእርግጥ የሚሰማ ነገር ነው።

ጃዝ ቤዝ በሚባለው ዓይነት ላይ ሁለት ነጠላ ፒክአፖች አሉ። ድምፃቸው ያምራል፤ ግን በአየር ላይ ያለ የኤሌክትሪክ እንፉቅቅታ ሁሉ ይገባባቸዋል። የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በቤዙ ወፍራም ክር ላይ ሦስተኛውን ፍሬት ብትይዙ የምታገኙት ሶል በሴኮንድ 49 ጊዜ ነው። ኧርዝ በሌለው አዳራሽ፣ ጀነሬተር አጠገብ፣ ፍሎረሰንት ሥር ስትቆሙ፣ ማንም ያልመታው ትንሽ የረከሰ ሶል ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል። አራዳ የሰርግ ሙዚቀኛ ይህን በደንብ ያውቀዋል። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ለሁለት የተከፈለ ፒክአፕ ይህንን ይፈታዋል፤ ሁለቱ ጥቅሎች ተቃራኒ ስለሆኑ የክሩ ድምፅ ሲደመር ጩኸቱ ይጣፋል። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ አክቲቭ የሚባልም አለ። ሙሽራ ስትገባ ባትሪው ካለቀ ግን ድምፅ የለም፤ ስለዚህ ተውኩት። ለሁለት የተከፈለውን መረጥኩ።

ቀጥሎ ማግኔቱ። ሁሉም የሚመርጠው አልኒኮ ነው፤ ስሙ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት የተገጣጠመ ነው። አልኒኮ 5 በሚባለው ውስጥ ሩብ ያህሉ ኮባልት ነው። ዓለም ዛሬ ከሚያወጣው ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከዲሞክራቲክ ኮንጎ ነው፤ በኮልዌዚ አካባቢ በእጃቸው የሚቆፍሩ ሰዎች እንዳሉ፣ ሕፃናትም እንዳሉባቸው ከተዘገበ ቆይቷል። ሌላው ምርጫ ሴራሚክ ነው። ርካሽ ነው፣ ኮባልት የለበትም፣ ድምፁ ትንሽ ይሾላል ይባላል። ሴራሚክ ወሰድኩ። ግን ሽቦው መዳብ ነው፤ መዳቡስ ከየት ነው? ይህን የምጽፍበት ስልክ ባትሪስ? «ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?» የሚለው መመዘኛዬ ለእንጨቱ ሠርቶልኝ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ከእጄ መውጫ የሌለው ሆነ። ማንም የማይሰማውን ቅንጦት መተው ቀላል ነው። የሚሰማው፣ የሚያስፈልገው፣ የማልተወው ነገር ላይ ግን ምን ልበል?

አንድ ነገር አሰብኩ። ቢያንስ ከፋዩ ተጠይቆ እሺ ካለ ነገሩ ይለያል። ዛፍ አይጠየቅም። ኮልዌዚ ያለው ልጅ «አልቆፍርም» ቢል ራት የለውም፤ ስለዚህ እሺታው እሺታ አይደለም። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ብሏል አይባልም። ይህን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አረፍተ ነገሩ ደስ አለኝ።

*

ጊታሩ በሁለት ወር አለቀ። አደር የቁም ሳጥኑን የቁልፍ ቀዳዳ አልደፈኑትም፤ ከድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ በላይ ቀርቷል። ድምፁ ወፍራምና ደልደል ያለ ነው። የእንጨቱ ይሁን የፒክአፑ፣ ወይስ ስለወደድኩት፣ አልፈርድም።

ለእናቴ ቃል በገባሁት መሠረት ከውጫሌ መንገድ የመጣ የኤም ዲ ኤፍ ቁም ሳጥን ገዛሁላት፤ ነጭ፣ መስታወት ያለው። በስድስት ወሩ ማጠፊያው ነቅሎ በሩ ወደቀ። ልጠግነው ስገባ ከአልጋዋ ሥር አፉ የታሰረ ማዳበሪያ አየሁ። እህል መስሎኝ ላወጣው ስስበው ቀለለኝ። ፈታሁት።

የአባቴ ልብስ ነበር። ያ ግራጫ ኮቱ፣ ሸሚዞቹ፣ ሁለት ክራባት፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጫማው። ሁሉም ተጣጥፏል። አሥር ዓመት ሙሉ በዚያ ቁም ሳጥን ተሰቅሎ ነበር ማለት ነው። እኔ እዚያው ቤት እየገባሁ እየወጣሁ አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም። አዲሱ ሳጥን ጠባብ ነው፤ የኮት መስቀያው ለወንድ ኮት ቁመት አይበቃም።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?» አለች። በቁጣ አልነበረም። «ይጠቅምሻል ወይ አልከኝ። ኮቱ ምን ይጠቅማል?»

ደብተሬ ላይ የጻፍኩት አረፍተ ነገር ትዝ አለኝ። እምቢ ማለት የማይችል። እናቴን እምቢ እንዳትል ያደረጋት ረሃብ አልነበረም፤ ይሉኝታም አልነበረም። ልጇ ዓይኑ በርቶ አንድ ነገር ሲለምን ማየቷ ነው። ስለ ኮንጎ እያሰብኩ ሳዝን ሁለት እርምጃ ላይ ያለውን በር አልከፈትኩም።

ታዲያ የእናቴ እሺታ እሺታ አልነበረም ልበል? ይህንንም አሰብኩበት፤ ልለውም አልቻልኩም። እንዲያ ካልኩ የሰጠችኝን ሁሉ፣ ከጡቷ ጀምሮ፣ ተገዳ እንደሰጠች መቁጠሬ ነው። እሷ ሙሉ ሰው ናት፤ መዘነች፣ ኮቱንና ልጇን አየች፣ መረጠች። «አልገባሽም ነበር» ብላት ሁለተኛ መናቅ ይሆናል። የወደደ ሰው ስጦታ እምቢ ማለት ከማይችልበት ቦታ ነው የሚመጣው፤ ያ ከሌለ ንግድ ነው። ስለዚህ አረፍተ ነገሬ ለማዕድን ቆፋሪው እውነት ሆኖ ለእናቴ ግማሽ እውነት ነው። ልዩነቱ እሷ ጋ አይደለም ያለው። እኔ ጋ ነው። እምቢ ሊል የማይሆንለትን ሰው የሚጠይቅ ሰው፣ እምቢታውን ራሱ ሄዶ የመፈለግ ግዴታ አለበት። ሳጥኑን ከፍቶ። «ይጠቅምሻል?» ብሎ ሳይሆን «ምን አለበት?» ብሎ።

ቦብ ቴይለር ጫካ ገብቶ ነው ያወቀው። እዚያ ሆቴል የነበሩት ቫዮሊን ተጫዋቾች ስም ከዓይናቸው ሲሸፈን ነው የሰሙት። ሁለቱም አንድ ነገር ይነግሩኛል። ሰው ስለ አንድ ነገር የሚያምነውና ነገሩ ራሱ የሚለያዩበት ቦታ አለ፤ ያንን ቦታ በማሰብ ብቻ አታገኙትም። እኔ በማሰብ ንጹሕ ሆኜ ነበር። አንድም ዛፍ ሳልጥል።

*

አሁን ያለሁበትን ልንገራችሁና ልጨርስ።

ጊታሩን ልመልሰው አልችልም። ሁለት ሳንቃ ተጣብቆ፣ ተቆርጦ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ ቁም ሳጥን አይሆንም። እናቴም «እንዳትነካው» ብላለች። አደር ዘንድ ሄጄ የግራቪሊያ ቁም ሳጥን አዘዝኩ፤ በአገር ቤት ማሳ ዳር የሚተከል ዛፍ ነው፤ ብዙ ዓመት የሚጠብቅ አይደለም። ዋጋውን በየወሩ እከፍላለሁ፤ ገና አራት ወር ይቀረኛል። የመስቀያውን ቁመት በአባቴ ኮት ለካን። አደር ከድሮው ሳጥን ያወጡትን ቁልፍ ሳይጥሉ አስቀምጠውት ኖሯል፤ አዲሱ በር ላይ ገጠሙት። ለምን እንዳስቀመጡት ስጠይቃቸው «ቁልፍ ሰው ይፈልገዋል» አሉኝ። ቁልፉ አሁን በእናቴ አንገት ክር ላይ ነው። ለጎረቤቶቿ፣ «ኤዶ» ለሚሏት የሶማሌ ሴቶች፣ ቡና ስታፈላ ያሳየቻቸው መስታወቱን ነጭ ሳጥን ነበር፤ አሁን ይኼኛውን ታሳያለች።

ወጣት ቤዝ ተጫዋቾች ከሰርግ በኋላ ይመጡና ጊታሩን ይነካካሉ። «ወንድም፣ እንጨቱ ምንድን ነው?» ይላሉ። ድሮ ቢሆን ስለ ዋንዛ፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ደረቀበት ዘመን አንድ ሰዓት አወራ ነበር። ባለፈው አንዱ ልጅ ጊታር ሊያሠራ ፈልጎ ምክር ጠየቀኝ። ለፒክአፑ ተጨነቅ አልኩት፤ እሱ ይሰማል። ለአንገቱ ተጨነቅ፤ እሱ ይሸከማል። ለገላው ያገኘኸውን ደረቅ እንጨት ውሰድ፤ ማንም አይሰማውም። ግን ከማን ቤት እንደወጣና በውስጡ ምን እንደነበር አንተ ራስህ ሄደህ እይ።

ልጁ የቁልፉን ቀዳዳ በጣቱ እየነካ «ይኼስ ለምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ። የእሱም አያት ቤት አንድ የዋንዛ ሣጥን አለ አለኝ።

«ክፈተው መጀመሪያ» አልኩት።